ልጆቻችሁ ሲጠይቋችሁ፦ በአንድ ማዕድ ዙሪያ የሚያድግ ደቀ መዝሙርነት

ዛሬ የአንድን ጥያቄ ታሪክ አብረን እንከተላለን። ጥያቄው አጭር ነው፤ ከልጅ አፍ የሚወጣ ነው፦ “ይሄ ምንድን ነው?”

የእስራኤል ሕዝብ ከግብፅ ሊወጣ የተዘጋጀበትን ሌሊት በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12 ላይ ስናነብ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። ገና አንድ እግር ከግብፅ ሳይወጣ፣ ባሕሩም ሳይከፈል፣ እግዚአብሔር ገና ስላልተወለዱት ልጆች ይናገራል። ልጆች አንድ ቀን የዚህን ሥርዓት ትርጉም እንደሚጠይቁ ለወላጆች አስቀድሞ ይነግራቸዋል፤ ምን ብለው እንደሚመልሱም ያስተምራቸዋል (ዘጸ. 12፥26-27)። በዮርዳኖስም እንዲሁ ሆነ። ከወንዙ መካከል አሥራ ሁለት ድንጋዮች ተነሥተው የተተከሉት ልጆች አይተው እንዲጠይቁ ነው (ኢያ. 4፥6-7)። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 ላይም ልጁ ስለ ሕጉ ሲጠይቅ አባት የሚሰጠው መልስ ተጽፏል።

በእነዚህ ክፍሎች ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ የሚጠይቀው ልጁ ነው። የሚጠይቀውም ስላየና ስለቀመሰ ነው። የተጠበሰው በግ ይሸታል፤ መራራው ቅጠል ምላስ ላይ ይቀራል፤ አባት ጫማውን አድርጎ፣ በትሩን ይዞ፣ እንደ መንገደኛ ይበላል። እንዲህ ያለውን ማዕድ አይቶ ዝም የሚል ልጅ የለም። ሁለተኛ፣ የሚመልሰው ሰው “እነርሱ” ብሎ አይመልስም። እግዚአብሔር ለእኔ ያደረገልኝ ነው ብሎ ይመልሳል (ዘጸ. 13፥8)። ከዘመናት በኋላ የተወለደ አባት እንኳ ራሱ ከግብፅ እንደ ወጣ ሆኖ ይናገራል።

ልጅ አይቶ ይጠይቃል፤ ትልቅ ሰው ስለ ራሱ ይመሰክራል። ደቀ መዝሙርነት ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገረው በዚህ መንገድ ነው። በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ግን ይህ ጥያቄ ከአፍ ወደ አፍ ሲዘዋወር ኖሯል። እስቲ እንከተለው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በቤት የተሰበሰበች ቤተ ክርስቲያን

የመጀመሪያዎቹ አማኞች እንጀራ የቆረሱት በየቤታቸው ነው (ሐዋ. 2፥46)። ልድያ ከቤተ ሰዎቿ ጋር ተጠመቀች፤ የፊልጵስዩሱ እስር ቤት ጠባቂም እንዲሁ (ሐዋ. 16)። በጢሮአዳ ጳውሎስ እስከ እኩለ ሌሊት ሲናገር በመስኮት ተቀምጦ እንቅልፍ ጥሎት የወደቀው አውጤኪስ ጎበዝ ወጣት ነበረ (ሐዋ. 20፥9)። በዚያ ሰገነት ለወጣቶች የተለየ ክፍል አልነበረም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳምነን ደግሞ የኤፌሶን መልእክት ነው። ጳውሎስ በምዕራፍ 6 መጀመሪያ ላይ ልጆችን በቀጥታ ይጠራቸዋል። መልእክቱ በጉባኤ የሚነበብ ነበር። ልጆቹ እዚያ እንደሚቀመጡ ሐዋርያው ባይጠብቅ ኖሮ “ልጆች” ብሎ ባልጠራቸው ነበር። ጢሞቴዎስም እምነትን ያገኘው ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ ነው (2 ጢሞ. 1፥5)። ሦስት ትውልድ በአንድ ቤት ማለት ነው።

ጥያቄው ወደ አባት አፍ ሲዛወር

ብዙ ዘመናትን ዘለን ወደ ጀርመን እንሂድ። ማርቲን ሉተር በ1528 በሳክሶኒ አጥቢያዎች እየዞረ የምእመናኑን ሁኔታ ሲመረምር በጣም አዘነ። የገጠሩ ሕዝብ ስለ ክርስትና ትምህርት የሚያውቀው ነገር እጅግ ጥቂት ነበር፤ ከቀሳውስቱም ብዙዎቹ ማስተማር የማይችሉ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1529፣ ትንሹን ካቴኪዝም አወጣ። በሉተራን አብያተ ክርስቲያናት፣ በአገራችንም በመካነ ኢየሱስ፣ እስከ ዛሬ የሚታወቀው ይህ ትምህርት መጀመሪያ የወጣው በግድግዳ ላይ በሚለጠፍ ትልቅ ወረቀት ነበር። የተጻፈውም የቤቱ አባወራ ለቤተ ሰዎቹ ሁሉ በቀላሉ እንዲያስተምርበት ነው። ሠራተኞችም ሳይቀሩ ይማሩ ነበር።

የሉተር ካቴኪዝም ልብ ያው ጥያቄ ነው። ትእዛዙ ወይም የጸሎቱ ክፍል ይነበባል፤ ከዚያ ትርጉሙ ምን እንደ ሆነ ይጠየቃል። ሆኖም አንድ ነገር ተለውጧል። በፋሲካ ማዕድ ጠያቂው ልጁ ነበር። አሁን ጠያቂው አባት ነው፤ ልጁ መልሱን በቃሉ ይወጣል። ይህን ስንል ሉተርን ለመንቀፍ አይደለም። ማንበብ የማይችል ሕዝብ የእምነቱን መሠረት በልቡ እንዲይዝ ያደረገ ታላቅ ሥራ ነው፤ ትምህርቱንም ወደ ቤት መልሶታል። ነገር ግን ልጅ ያልጠየቀውን ጥያቄ መልስ ሲያጠና ቃሉ በአፉ ይቀመጣል። ወደ ልቡ እንዲወርድ ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

ሞራቪያኖች፦ እንጀራ፣ ማዕበልና ሻማ

በ1722 ስለ እምነታቸው ከሞራቪያ የተሰደዱ ሰዎች በሳክሶኒ በኒኮላውስ ሲንሰንዶርፍ ርስት ላይ ሄርንሁት የተባለችውን መንደር መሠረቱ። እርስ በርስ ሲከራከሩ ከቆዩ በኋላ ነሐሴ 1727 ጌታ በቅዱስ ቁርባን ጉባኤ ላይ በብርቱ ጎበኛቸው። ከዚያ በኋላ “የፍቅር ማዕድ” የሚሉትን ልማድ ጀመሩ። ቀላል እንጀራና የሚጠጣ ነገር ይዘው አብረው እየዘመሩ ይመገቡ ነበር። ሞራቪያኖች ለትምህርት ሕዝባቸውን በዕድሜና በጾታ ይከፋፍሉት ነበር፤ ነገር ግን መዝሙራቸውና ማዕዳቸው አንድ ላይ ያገናኛቸው ነበር።

ፍሬው የታየው በባሕር ላይ ነው። በጥር 1736 ጆን ዌስሊ ወደ ጆርጂያ በሚጓዝ መርከብ ላይ ነበር። ጀርመናውያኑ ሞራቪያኖች አምልኮ ላይ ሳሉ ማዕበሉ በመርከቧ ላይ ፈሰሰ፤ ትልቁ ሸራ ተቀደደ። እንግሊዛውያኑ ጮኹ። ሞራቪያኖቹ ግን መዝሙራቸውን አላቋረጡም። ዌስሊ በማስታወሻው እንደ ጻፈው፣ በኋላ ከእነርሱ አንዱን አልፈራህምን ብሎ ጠየቀው። እንዳልፈራ ነገረው። ሴቶቻችሁና ልጆቻችሁስ ብሎ አጥብቆ ሲጠይቅ፣ እነርሱም ሞትን እንደማይፈሩ በትሕትና መለሰለት። የተማረውና የተቀባው ቄስ ዌስሊ ያልነበረውን ሰላም እነዚያ ልጆች ነበራቸው። ወገኖች፣ ደቀ መዝሙርነት የሚፈተነው በማዕበል ቀን ነው። ልጆቹ ያንን ሰላም ያገኙት ከወላጆቻቸው ጋር እየዘመሩ ነው።

በ1747 የገና ሰሞን ደግሞ በማሪንቦርን ለልጆች በተዘጋጀ አምልኮ ላይ ዮሐንስ ደ ቫተቪል የተባለው የሞራቪያን አገልጋይ ለእያንዳንዱ ልጅ ቀይ ጥብጣብ የታሰረበት የበራ ሻማ ሰጠ። ነበልባሉ ክርስቶስ በልብ የሚያበራውን፣ ቀዩ ጥብጣብ ደግሞ የፈሰሰውን ደሙን እንዲያሳስብ ነው። ልጆቹ ብርሃኑን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ዛሬ በብዙ አገሮች “ክሪስቲንግል” የሚባለው ሥርዓት መነሻው ይህ ነው። ከጊዜ በኋላ ብርቱካን ተጨመረበት። ብርቱካኑ ዓለም ነው፤ የታሰረበት ቀይ ጥብጣብ የጌታ ደም ነው፤ በላዩ የተተከለው ሻማ የዓለም ብርሃን ነው፤ በአራት ስንጥሮች ላይ የተሰካው ፍራፍሬ ወይም ከረሜላ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። በእንግሊዝ አገር ከ1968 ጀምሮ በሰፊው ተለምዷል።

እዚህ ላይ ጥያቄው ወደ ልጁ አፍ እንደ ተመለሰ ልብ በሉ። ቀይ ነገር የታሰረበት ብርቱካን የያዘ ልጅ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ አይቀመጥም።

ሮበርት ሬክስና የተለየው ክፍል

በ1780 ግሎስተር በተባለችው የእንግሊዝ ከተማ የጋዜጣ ባለቤቱ ሮበርት ሬክስ የድሆች ልጆችን ሁኔታ አይቶ አዘነ። ልጆቹ ስድስት ቀን ይሠራሉ፤ በከተማይቱ የሚታወቀው የስፒል ፋብሪካ ብዙዎቹን ይቀጥር ነበር። እሁድ ሲሆን በየመንገዱ እየተሳደቡና እየተደባደቡ ይውሉ ነበር። ወላጆቻቸውም ቤተ ክርስቲያን አይሄዱም። ሬክስ ከአንድ የአካባቢው ቄስ ጋር ሆኖ ለአስተማሪዎች ከኪሱ እየከፈለ ልጆቹን በእሁድ ማስተማር ጀመረ። ማንበብ የሚማሩት በመጽሐፍ ቅዱስ ነበር። በ1783 ስለ ሥራው በጋዜጣው ላይ ጻፈ፤ ሐሳቡም እንደ እሳት ተቀጣጠለ። በ1831 በብሪታንያ የሰንበት ትምህርት ቤቶች የሚማሩት ልጆች ወደ 1.25 ሚሊዮን ደርሰው ነበር።

ይህን ሥራ ጌታ ባርኮታል። መደበኛ ትምህርት ቤት ለድሃ ልጅ በማይታሰብበት ዘመን ብዙዎች ፊደል የቆጠሩት፣ ጌታንም ያወቁት በዚህ ነው። ሬክስ ልጆቹን ከወላጆቻቸው አልለየም፤ የሚያመጣቸው ወላጅ ስላልነበራቸው ሰበሰባቸው እንጂ። በ1870 የወጣው የትምህርት አዋጅ መንግሥት ለሕዝብ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲከፍት መንገድ ከከፈተ በኋላ ግን የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሥራ ፊደል ማስቆጠር መሆኑ ቀረ። የአማኞችም ልጆች ወደዚያው ይላኩ ነበር። ለወላጅ አልባው ልጅ የተሠራው ክፍል ወላጅ ላለው ልጅም መደበኛ ቦታ ሆነ። ቀስ በቀስም አያት በአንድ አዳራሽ፣ የልጅ ልጅ በሌላ ክፍል ሆነው የሚያመልኩባት ቤተ ክርስቲያን ተለመደች። ጥያቄው አሁን ከልጁም ከአባቱም አፍ ወጥቶ ወደ አስተማሪዋ ተዛወረ።

ካውፕሌይን 2004፦ እጅ የሚያቆሽሽ አምልኮ

በደቡብ እንግሊዝ ከፖርትስመዝ አጠገብ ካውፕሌይን የሚባል ሰፈር አለ። በ2004 በዚያ የምትገኘው የቅዱስ ዊልፍሬድ አንግሊካን አጥቢያ ምእመናን አንድ ነገር አሳሰባቸው። ሕንፃ አላቸው፤ የፈጠራ ችሎታ ያላቸው ሰዎች አሏቸው፤ በዙሪያቸው ግን የሰፈሩ ልጆችና ወላጆች ወደ እሁድ አምልኮ አይመጡም። ሉሲ ሙርና ባልደረቦቿ ለልጆች ብቻ ሌላ ፕሮግራም ከመክፈት ይልቅ ቤተሰቡን በሙሉ ለመጋበዝ ወሰኑ። በወር አንድ ጊዜ ከትምህርት ቤት መልስ መሰብሰብ ጀመሩ። ስሙንም “ሜሲ ቸርች” አሉት፤ የተዝረከረከች ቤተ ክርስቲያን እንደ ማለት ነው። ቀለም ይፈስሳል፣ ሊጥ ይደፋል፣ ልጅ ይሮጣል፤ ሕይወታችንም እንደዚያው ያልተስተካከለ ነው፤ ጌታ ግን በዚያው መካከል ይገኛል ለማለት ነው።

የስብሰባው መልክ ቀላል ነው። ሰው ሲገባ ሻይና ሰላምታ ይቀበለዋል። ከዚያ አንድ ሰዓት ለሚያህል ጊዜ ብዙ ጠረጴዛዎች ይዘረጋሉ፤ በእያንዳንዱም ላይ ከቀኑ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ጋር የተያያዘ የእጅ ሥራ አለ፦ መቁረጥ፣ መለጠፍ፣ መጋገር፣ መገንባት። ቀጥሎ አጭር አምልኮ ይደረጋል፤ ታሪኩ ይነገራል፣ ይዘመራል፣ ይጸለያል። በመጨረሻ ሁሉም በአንድ ማዕድ ይበላሉ። የጸኑባቸው መርሖችም አምስት ናቸው፦ ክርስቶስን ማዕከል ማድረግ፣ ሁሉንም ዕድሜ ማቀፍ፣ ፈጠራ፣ እንግዳ ተቀባይነትና የደስታ አምልኮ። መጀመሪያ የአንድ ሰፈር ሥራ የነበረው በኋላ በ1922 የተመሠረተው የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ሕብረት እየደገፈው ወደ ብዙ አገሮች ተዳረሰ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። የእጅ ሥራው ልጆችን ለማቆያ የሚሰጥ ማባበያ አይደለም። ወላጅ ልጁን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ሻይ ሊጠጣ ከሄደ ሥራው ከሽፏል። አባትና ልጅ፣ አያትና ጎረምሳ አንዱን ሊጥ አብረው ሲያቦኩ ልጁ ይጠይቃል፤ ትልቁ ሰው ይመልሳል። እጅ ሲሠራ አፍ ይፈታል። ፊት ለፊት ተቀምጦ ስለ እምነቱ መናገር የሚያፍር አባት እንኳ ወረቀት እያጠፈ ይናገራል።

ከውስጥ የተነሣም ብርቱ ጥያቄ ነበረ። በወር አንድ ጊዜ ተሰብስቦ ወረቀት መለጠፍ እውነት ደቀ መዝሙር ያፈራልን? የአጥቢያዋ አገልጋይ ፖል ሙር በ2013 በዚሁ ጉዳይ ላይ አንድ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደርሷል። እኛም ጥያቄው ተገቢ ነው እንላለን። ማዕዱ በር ነው። በሩን ከፍቶ ቃሉን፣ ጸሎትን፣ መስቀሉን መሸከምን ያላስተማረ ስብሰባ የደስታ ከሰዓት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ክርስቶስን ማዕከል ማድረግ ከመርሖቹ ሁሉ ቀድሞ የተቀመጠው ስለዚህ ነው።

በእኛስ ዘንድ?

ይህ ነገር ለእኛ የፈረንጅ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። በወላይታ በ1937 ሚስዮናውያኑ በጣሊያን ወረራ ምክንያት ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። በቋንቋቸው የነበራቸው የቃሉ ክፍል እጅግ ጥቂት ነበር። ከወረራው በኋላ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች አገኙ። የሥነ መለኮት ኮሌጅ አልነበረም፤ ምስክርነት ግን ነበረ። ጌታ ለእኔ ያደረገልኝ ይህ ነው የሚል አፍ ነበረ።

በደርግ ዘመንም እንዲሁ። በ1982 መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ስትዘጋና ሌሎችም አብያተ ክርስቲያናት ሲታሸጉ አማኞች በየቤቱ በትንንሽ ቡድን ተሰበሰቡ። በዚያ ዘመን ልጅ የነበርን ሰዎች በዝግ ድምፅ የሚዘመረውን መዝሙር እናስታውሳለን። መጋረጃው ለምን ተዘጋ? ለምን ቀስ ብለን እንዘምራለን? ጎረቤታችን የት ታሰሩ? ብሎ የማይጠይቅ ልጅ አልነበረም። ቤቱ ራሱ ጥያቄ ያስነሣ ነበር። የታሸጉት አብያተ ክርስቲያናት በሮች ሲከፈቱ ሕዝቡ በዝቶ ተገኘ።

ዛሬ በእግዚአብሔር ቸርነት ሰፊ አዳራሽ አለን፤ የልጆች አገልግሎትም በየአጥቢያው ተደራጅቷል። በዚህ የሚደክሙትን እህቶችና ወንድሞች ጌታ ይባርካቸው፤ ሥራቸው መቅረት የለበትም። ነገር ግን ልጁ ከአራት ዓመቱ እስከ ጉርምስናው አባቱ ሲጸልይ ካላየ፣ እናቱ በእንባ ስታመልክ ካልሰማ፣ አዳራሹን ሲቀላቀል እንግዳ ይሆናል። በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልምና በሌሎችም ከተሞች ላሉ ወገኖቻችን ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነው። ልጆቹ የሚለዩት በክፍል ብቻ ሳይሆን በቋንቋም ነው። አያት በአማርኛ ይጸልያሉ፤ የልጅ ልጅ በእንግሊዝኛ ወይም በስዊድንኛ ያስባል። ሊጥ ማቡካት ግን አስተርጓሚ አይፈልግም።

አንድ እሁድ ከሰዓት

እንግዲህ ምን እናድርግ? ብዙ ገንዘብና ልዩ ዕቃ አያስፈልግም። በቤት ኅብረት ወይም በአጥቢያ በወር አንድ ጊዜ ይሞከር። ለምሳሌ ጌታ ማዕበሉን ጸጥ ያደረገበትን ታሪክ (ማር. 4፥35-41) እንውሰድ።

በመጀመሪያው ጠረጴዛ አሮጌ ጋዜጣ ይቀመጥ። ትልቅና ትንሽ ሆነው የወረቀት ጀልባ ይሥሩ፤ የሚፈሩትንም አንድ ነገር በጀልባው ላይ ይጻፉ ወይም ይሳሉ። አባት የራሱን ፍርሃት ሲጽፍ ልጁ ይይ።

በሁለተኛው ሳፋ ውኃ ሞልታችሁ ጀልባዎቹን አንሳፍፉ። ልጆች ውኃውን ያናውጡት፤ ከዚያ ሁሉም እጁን አንሥቶ ውኃው ጸጥ እስኪል በዝምታ ይጠብቅ። ይህች ዝምታ ከረጅም ስብከት በላይ የምታስተምርበት ቀን አለ።

በሦስተኛው ሊጥ ይኑር፤ ከእናቶች ጋር ትንንሽ ዳቦ ይጋገር። በማዕዱ ላይ የሚቆረሰው ይኸው ነው።

በአራተኛው ቡና ይፈላ። በቡናው ዙሪያ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት በሕይወታቸው ያለፉበትን ማዕበል፣ ጌታም በዚያ እንዴት እንደ ተገኘ ለልጆች ያውጉ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ልጆቹ እንዲጠይቁ ይፈቀድላቸው፤ ጥያቄያቸውም አይቆረጥ።

ከዚያ ሁሉም ይሰብሰብ። ክፍሉ ይነበብ፤ አንድ ሁሉም የሚያውቀው መዝሙር ይዘመር። በጀልባዎቹ ላይ ስለ ተጻፉት ፍርሃቶች ትልቅ ለልጅ፣ ልጅም ለትልቅ ይጸልይ። በመጨረሻም አብራችሁ ብሉ። ለልጆች የተለየ ማዕድ አይዘርጋ፤ ጉርሻውም ይዙር።

ሦስት ነገር ብቻ ይጠበቅ። እጁን አጣጥፎ የሚመለከት ትልቅ ሰው አይኑር። ልጁ ሳይጠይቅ መልሱ አይሰጠው። ሲጠይቅ ደግሞ የሚመልሰው ሰው ስለ ራሱ ይመልስ።

ከሁሉም የሚከብደው ይህ የመጨረሻው ነው። ወረቀት ማጠፍ አይከብድም። ልጅ ቀና ብሎ አይቶን “አባዬ፣ አንተ ስትፈራ ጌታ ምን አደረገልህ?” ሲለን የምንናገረው ነገር መኖሩ ነው ቁም ነገሩ። የእስራኤል አባት በማዕዱ ላይ ከመቀመጡ በፊት ከግብፅ መውጣት ነበረበት። እኛም ለልጆቻችን የምናካፍለው ምስክርነት ከሌለን ዛሬ ወደ አዳኙ እንቅረብ፤ ማዕበሉን የገሠጸው ጌታ ዛሬም በጀልባው ውስጥ ነው። ይህን ጽሑፍ እየፈለጋችሁ ሳለ ያገኛችሁ፣ ገና ጌታን ያልተቀበላችሁ ወዳጆችም ወደዚህ ማዕድ ተጠርታችኋል።

በዚህ ሳምንት በቤታችሁ አንድ ማዕድ አዘጋጁ። አንድ ልጅ የሚያየው፣ የሚዳስሰው፣ የሚቀምሰው ነገር በላዩ ይኑር። ከዚያ ጥያቄውን ጠብቁ። ሕፃናትን ወደ እርሱ እንዳይመጡ የከለከሉትን የገሠጸ ጌታ (ማር. 10፥14) ቤታችሁን ይባርክ፤ መልሱንም በአፋችሁ ያኑር። አሜን።